ጥቆማ፦ ሰርግ ላይ እየዞረ ለሚያነሳ ሰው የትኛው ፍላሽ ይሻለዋል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ካሜራዬ ካኖን 2000ዲ ነው። ቁም፣ ተስተካከል የሚባልበት ፎቶ አይመቸኝም። ሰው ሳያየኝ፣ ሲስቅና ሲጨፍር ማንሳት ነው የምወደው። ምን ፍላሽ ልግዛ?» ይሄ ጥያቄ ስለሚደጋገምብኝ መልሱን ለሁላችሁም እዚሁ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ያንን 2000ዲ እንየው። ፍላሽ የሚሰካበትን ቦታ ተመልከቱ። አብዛኛው ካሜራ ላይ መሃሉ ላይ አንዲት ክብ ነጥብ አለች። 2000ዲ፣ 4000ዲ እና 250ዲ ላይ ግን የለችም፤ ካኖን ትቷታል። በዚያች ነጥብ ብቻ የሚሠሩት ርካሾቹ ማንዋል (ጉልበታቸውን በእጅ የምታስተካክሏቸው) ፍላሾች፣ እነ ዮንግኑዎ 560 እና ጎዶክስ ቲቲ600፣ እዚህ ካሜራ ላይ ቢሰኩም ዝም ነው። ሻጭ «ለሁሉም ካሜራ ይሆናል» ቢላችሁ ቃሉን አትመኑ። ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ሰክታችሁ አስመቱት።

ነጥቧ ላላችሁም ቢሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ማንዋል አልመክርም። የሙሽራው እናት አሁን ሁለት ሜትር ላይ እልል ይላሉ። ዞር ስትሉ ሚዜዎቹ ስድስት ሜትር ላይ እየዘለሉ ነው። ቁጥር ለማስተካከል ጎንበስ ስትሉ ሳቁ አልፏል። ብርሃኑን ራሱ የሚለካ፣ ቲቲኤል ያለው ፍላሽ ያስፈልጋችኋል። ማንዋሉ ስቱዲዮ ውስጥ በስታንድ ላይ ይቁም፣ እዚያ ጎበዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ፍላሽ ሲመርጥ ጉልበቱን ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው አንዴ ከመታ በኋላ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ነው። አያት ሰፈር አንድ መልስ ላይ የሙሽሪት ሴት አያት ድንገት ተነሥተው እስክስታ ወረዱ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የመጀመሪያዋን አነሳሁ። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ጥቁር ወጡ። ፍላሹ አልሞላም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጠዋት ከሰፈር ሱቅ የገዛሁትን አራት የባትሪ ድንጋይ ከትቼ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ደግሞ እንደገና አልተነሡም።

ስለዚህ ጎዶክስ የሚባለውን ድርጅት ሦስት ፍላሾች በዚህ ዓይን እንያቸው።

ቲቲ685 ሁለተኛው (ቲቲ685II) አራት ባለ ጣት ባትሪ ነው የሚበላው። በጥሩ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሙሉ ኃይሉን ከመታ በኋላ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ቪ860 ሦስተኛው (ቪ860III) የራሱ የሊቲየም ባትሪ አለው። በአንድ ሰከንድ ተኩል ይሞላል፣ አንድ ቻርጅ በሙሉ ኃይል ወደ 480 ጊዜ ያስመታል። ቪ1ም ያው ነው፤ ልዩነቱ ጭንቅላቱ ክብ መሆኑ ነው። ክቡ ጭንቅላት ፊት ለፊት ስትመቱ የብርሃኑን ጠርዝ ያለሰልሰዋል። ወደ ኮርኒስ ካዞራችሁት ግን ፎቶው የትኛው እንደመታው አይናገርም። ለዚህ ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምታዞሩት ወደ ኮርኒስ ወይም ወደ ግድግዳ ነው። እንግዲህ ለቪ1 የምትጨምሩት ብር ለመልኩ ነው ማለት ይቻላል። የቲቲ685ን ሁለት እጥፍ ገደማ ያወጣል። ዋጋውን በብር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የጻፍኩት ዋጋ ሁሉ አሳፍሮኛል።

እንጀራችሁ ሰርግ ከሆነ ቪ860ን ውሰዱ። በወር አንድ ልደትና አንድ ክርስትና ለሚያነሳ ቲቲ685 ሁለተኛውና ሁለት ዙር ኢኒሉፕ የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ከበቂ በላይ ነው። ሊቲየሙ አንድ ችግር አለው፤ መለዋወጫ ባትሪው እዚህ እንደልብ አይገኝም። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ካለ ትርፍ ባትሪውን በእጅ ሻንጣ ይያዝ። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

ካርቶኑ ላይ የጉልበት መለኪያ ሆኖ «60» ተብሎ በተጻፈው ቁጥርም አትደለሉ። እሱ የተለካው የፍላሹ ጨረር ለ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያህል ሲጠብ ነው። ኮርኒስ ላይ ሲነጥር ያ ቁጥር የለም። ፍላሹን ከማስጨነቅ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከፍ አድርጉ። እኔ አዳራሽ ውስጥ 1/125፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 1600 ላይ እጀምራለሁ። ከ400 ወደ 1600 ስትወጡ ፍላሹ የሚያወጣው ጉልበት ሩብ ብቻ ይሆናል። ቶሎ ይሞላል፣ ባትሪውም ብዙ ይቆያል። ርካሹን ፍላሽ ውድ የሚያደርገው ይሄ ነው።

ድንኳን ግን ሌላ ጣጣ ነው። ውስጡ በቢጫ ጨርቅ ከተሸፈነ ወደ ላይ የላካችሁት ብርሃን ቢጫውን ይዞ ይመለሳል። ሙሽሪት የወፍ በሽታ የያዛት መስላ ትወጣለች። እዚያ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተገዛ ነጭ ወፍራም ወረቀት ከፍላሹ ጀርባ በላስቲክ አስራችሁ ወደ ፊት ጋደል አድርጉት። ያቺ ፍላሹ ጭንቅላት ላይ የምትጠለቅ ቆብ መሳይ ነጭ ፕላስቲክ ሜዳ ላይ ብርሃን ከመብላት ውጭ ብዙም አትረዳም። ሁሉም ሰው ግን አጥልቋት ይዞራል።

አንድ ነገር ደግሞ የውጭ ቪዲዮዎች አይነግሯችሁም። የኛ ሰው የሐበሻ ልብስ ለብሶ ሲሞላ ፍሬሙ ሁሉ ነጭ ነው። ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ፍላሹን ይቀንሰዋል። ልብሱ ያምራል፣ ፊት ይጠቁራል። የፍላሹን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ +2/3 አንዳንዴም +1 ላይ አድርጉት። ሁሉም ጥቁር ሱፍ ከለበሰ ደግሞ ወደ ታች።

ከባድ ነው ላላችሁ፣ በተለይ ትንሿን ሶኒ ለያዛችሁ፣ ቲቲ350 አለ። ሁለት ባትሪ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ራሱ 200 ግራም ነው። ለቤት ልደት ግሩም። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ግን ያለከልካል።

ያገለገለ መግዛትም ይቻላል። የካኖን 430 ሦስተኛው (430EX III) ወይም የኒኮን ኤስቢ 700 በደህና ሁኔታ ካገኛችሁ አትለፉት። አሥር ጊዜ በሙሉ ኃይል አስመቱት። እግሩ መላወሱን፣ የባትሪ ቤቱ መዛጉን እዩ። ሊቲየም ከሆነ ባትሪው ማበጡን ዳስሱ። ለመግዛት ደግሞ ዐቢይ ጾምን ምረጡ። ሰርግ የለም፣ ሻጭ ይለሳለሳል። በጥር ብትሄዱ ኪራይ እንኳን አይገኝም።

ጎዶክስ ስትገዙ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል አንብቡ። ሲ ለካኖን፣ ኤን ለኒኮን፣ ኤስ ለሶኒ ነው። እኔ ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ ሳላይ ተቀብዬ ቤት ስደርስ ኤን ሆኖ አገኘሁት። ካሜራዬ ካኖን ነው። ይመታል፣ ግን ምንም አይለካም። ስደውል «ካርቶኑን ከፍተኸዋል» ተባልኩ። ሳልከፍት በምን ልወቀው?

ለቤተ ክርስቲያን የጠየቃችሁኝ፣ ቅዳሴ ላይ ፍላሹን አጥፉት። ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ፣ ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8፣ ይበቃል።

ልጁ ትናንት መልሶ ጻፈልኝ። ቲቲ685 ሁለተኛውን ገዝቷል፣ ሲ መሆኑንም አይቷል። ቀጥሎ ምን አለ መሰላችሁ፦ «ጋሼ፣ ኢኒሉፑ ግን ተወደደብኝ። ለቅዳሜው የሱቁ ድንጋይ አይሆንም?»

የሴትየዋን እስክስታ እንደገና ጻፍኩለት።