የተቃጠለ ዘይት የጎርፍ ቱቦ ውስጥ የሚደፋን ጋራዥ ለማን ልክሰስ?

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ጋራዥ ከመኪና የሚያወጣውን የተቃጠለ ዘይት ማታ ማታ በጀሪካን እያመጣ መንገድ ዳር ያለው የጎርፍ መውረጃ ውስጥ ይደፋዋል። ፍርግርጉ ጠቁሮ ተለጣፊ ሆኗል። ዝናብ ሲጥል ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ይንሳፈፋል፤ ሽታው ጓዳ ድረስ ይገባል።

ይህ ቱቦ እኮ ወደ ማጣሪያ አይሄድም፣ ቀጥታ ወንዝ ነው የሚገባው። የእኛ ሰፈር ውሃ መጨረሻው አቃቂ ነው፤ በአቃቂ ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። መልሰን የምንበላው እኛው ነን። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ባለቤቱን ቀርቤ ሳናግረው «ጎርፍ ይወስደዋል፣ አንተን ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። አቤት ብዬ ሄድኩ፤ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው፣ ጉዳዩ በቀጥታ ባይነካውም፣ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ፍርድ ቤት መሄድም ይቻላል። ግን ቀኑ የሚቆጠረው በቃል ከተናገርኩበት ነው ወይስ በጽሑፍ ካስገባሁበት? በስልኬ የቀረጽኩት ሁለት ቪዲዮ አለኝ፤ ጨለማ ስለሆነ ፊት አይለይም፣ ሲደፋ ግን ይታያል። ይህ ማስረጃ ይሆናል? ስሜ ሳይወጣስ መጠቆም ይቻላል? ጎረቤት ነው፣ ልጆቼም እዚያው በር ላይ ነው የሚጫወቱት። ክረምቱ ሳይገባ ብትደርሱልኝ።