ቡችላዬ ተቅማጥ አልቆም አላት፤ የት ልውሰዳት? ምን ልስጣት?

ሰላም ለሁላችሁ። የሦስት ወር ቡችላ አለችን። ሁለት ሳምንት ሙሉ እያስቀመጣት ነው። የትል ክኒን ሁለቴ ሰጠኋት፣ ምንም ለውጥ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ምን ትመክሩኛላችሁ?

— እህቴ፣ አምና ክረምት ይሄው በእኔም ደርሷል። የትል ክኒኑ ለኮሶና ለወስፋት ነው። ቡችላን የሚያስቀምጡት ጃርዲያና ኮክሲዲያ ግን ትል አይደሉም፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተዋሲያን ናቸው። ፕራዚኳንቴልና ፓይራንቴል የሚባሉት የትል መድኃኒቶች አይነኳቸውም። የአይቨርሜክቲን መርፌም እንደዚያው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሦስት ጊዜ ክኒን ገዛሁ። ሻጩ «ሰገራዋ ታይቷል ወይ?» ብሎ አንዴም አልጠየቀኝም። ቡችላዬ ዓይኔ እያየ ከሳች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ገንዘብሽን መጀመሪያ ለሰገራ ምርመራ አውጪው። ክሊኒክ ስትመርጪ ደውለሽ «ሰገራ እዚያው ታያላችሁ?» በያቸው። ትኩስ ሰገራ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ውሰጂ። ጃርዲያ በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም፤ አንድ ቀን «ነጻ ናት» ቢሉሽ አትመኚ። የሦስት የተለያዩ ቀናት ሰገራ ይታይላት። ፈጣን የጃርዲያ መመርመሪያ ኪት ካላቸው እሰየው።

ግቢያችሁ ውስጥ ዶሮ ካለ ደግሞ ንገሪያቸው። የዶሮ ኩስ የበላ ውሻ የዶሮውን ኮክሲዲያ ሳይታመምበት በሰገራው ያወጣዋል። ይህ ካልታወቀ ያልያዛትን በሽታ ሊያክሙላት ይችላሉ።

ታክማም ከተመለሰባት ደብረ ዘይት ውሰጃት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው፤ ማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለመጀመሪያ ምርመራ ግን አልመርጠውም።

ከመድኃኒት ለጃርዲያ ፌንቤንዳዞልን ከሜትሮኒዳዞል አስበልጣለሁ። በኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ይሰጣል። ሐኪሙ ግን ይመዝናት። ሜትሮኒዳዞል የሰው ፋርማሲም ይገኛል፤ ሲበዛ ግን ያንገዳግዳል፣ ምሬቱም ድመትን አረፋ ያስደፍቃል። ለበግ የሚሸጠውን አልቤንዳዞል አደራ እንዳትሰጫት፤ የውሻንም የድመትንም መቅኔ ይጎዳል። ለኮክሲዲያ ቶልትራዙሪል ወይም ሰልፋ ያዙላታል።

በመጨረሻው የመድኃኒት ቀን በሻምፑ እጠቢያት፣ በተለይ ኋላዋን። ፀጉሯ ላይ የቀረውን ከላሰች ተመልሶ ይይዛታል። ሰገራዋን በየቀኑ አንሺ። በረኪና ኮክሲዲያን አይገድለውም፤ ወለሉን በፈላ ውሃ ብታጥቢው ይሻላል።

— እግዜር ይስጥሽ እህቴ! ድመትም አለችን፣ እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ። ሰዎች «ድመቷን አስወጪ» እያሉ አስጨነቁኝ።

— አይዞሽ፣ አታስወጫት። የሚያስፈራሩሽ በቶክሶፕላዝማ ነው፤ በድመት ሰገራና በጥሬ ሥጋ የሚተላለፍ፣ ጽንስ ሊጎዳ የሚችል ጥገኛ ተዋሲ ነው። ድመት አብዛኛውን ጊዜ በሰገራዋ የምታወጣው መጀመሪያ ስትያዝ፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ብቻ ነው። በሰገራዋ የወጣው ተዋሲም ሰውን ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት አለበት። የምትጸዳዳበትን አሸዋ በየቀኑ ባለቤትሽ ይቀይር። ጥሬ ሥጋ አትስጧት። አንቺም ክትፎውን እስክትወልጂ በደንብ አብስለሽ ብዪ፣ ሰላጣውንም በደንብ እጠቢው። በሰላም ተገላገዪ።