ከጨነቅ በላይ ያገኘሁት ቀጤማ መሰል ተክል ምን ይሆን?

ጠያቂ፣ ከጎንደር
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ ወገኖች። ጎንደር ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ያለሁ እህታችሁ ነኝ። ጥናቴ በስሜን ተራሮች ረግረግ ላይ በሚበቅሉ ዕፅዋት ላይ ነው። የፓርኩ ፈቃድ አለኝ፣ ስካውትም አብሮኝ ነበር። ይህን ቀድሜ የምናገረው «ማን ንቀይ አለሽ» እንዳትሉኝ ነው።

ከጨነቅ ካምፕ ወደ ቧሂት ተራራ ሲወጣ፣ ጅባራው ሳሳ በሚልበት አካባቢ፣ ውሃ ያዘለ ሜዳ ላይ ጉብ ጉብ ብሎ የበቀለ ነገር አየሁ። አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው። ቅጠሉ ቀጭን፣ ሲነኩት ሸካራ። ጫፉ ላይ ያለው ራስ አንድ ብቻ ነው፣ ቅርንጫፍ የለውም። የሣር መለያ መጽሐፍ ይዤ ቁጭ ብዬ ብታገል የትም አልገባ አለኝ። በአካባቢው ሰዎችን ብጠይቅ አንዱ ጓሳ ነው አለኝ፣ ሌላው እንግጫ ነው አለኝ። ፎቶውን አያይዣለሁ፣ የቱን ልያዝ?

አስጎብኚ፣ ደባርቅ
ጓሳስ አይደለም እቴ። ጓሳ ሣር ነው፣ አገዳው ድቡልቡል ነው። እንግጫ ያለሽ ሰው ይሻላል፣ ግን ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ የሚነቅሉት እንግጫ እዚያ ከፍታ ላይ አይደለም የሚነቀለው። ሰው መልኩን አይቶ ነው የሚጠራው።

የባዮሎጂ መምህር
መጽሐፉ አልገባ ያለሽ ተክሉ ሣር ስላልሆነ ነው። የአገራችንን ዕፅዋት የሚዘረዝረው የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ የሚባለው መጽሐፍ ሣሮችን የያዘው በ7ኛው ቅጽ ነው፣ የታተመው በ1995 እ.ኤ.አ.። አንቺ የምትፈልጊው ግን ያለው በ6ኛው ቅጽ ነው፣ እሱ በ1997 የወጣው። ሳይፐሬሴ የሚባለውን ቤተሰብ ፈልጊ። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም፣ ለቡና የምንጎዘጉዘው ቀጤማም የዚሁ ዘር ናቸው።

ሣር አገዳው ላይ አንጓ አለው፣ ውስጡም ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፣ ቅጠሉ በሁለት ረድፍ ይወጣል። የዚህ ቤተሰብ ቅጠል በሦስት ረድፍ ነው፣ አገዳውን የሚያቅፈው የቅጠሉ ሽፋንም ዙሪያውን የተዘጋ ነው፤ የሣሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎኑ ክፍት ነው። ይህን ካረጋገጥሽ ግማሹ ሥራ አለቀ።

አዲስ አባል
ከዚሁ ቤተሰብ ኢሊዮካሪስ የሚባለው ወገን ነው። አንድ ራስ ካለው ሌላ ሊሆን አይችልም።

የባዮሎጂ መምህር
ወንድሜ ቀስ በል። ኢሊዮካሪስ አንድ ራስ አለው፣ ልክ ነው። ግን የቅጠል ምላጭ የለውም፣ ከሥሩ ሽፋን ብቻ ነው ያለው። እህታችን ሸካራ ቅጠል አለው እያለች ነው።

ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ውስጥ የሠራሁ
እኔ ከፎቶው ካሬክስ የሚባለው የሳይፐሬሴ ወገን ነው የምለው፣ ግን ፎቶ ላይ ተማምኜ የዝርያ ስም አልሰጥም። በዓለም ላይ ወደ 2,000 የሚጠጉ ካሬክሶች አሉ፣ ከሩቅ ሲታዩም ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። የሚለያቸው ፍሬው ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ፦ የደረቀውን ራስ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ሳሙና ጨምረሽ ትንሽ አቆይው፣ ይለሰልሳል። ከዚያ አንዱን የበሰለ ፍሬ በመርፌ አውጥተሽ በሌንስ እይው። ካሬክስ ከሆነ ፍሬው ብቻውን አይገኝም፣ እንደ ብርሌ ሆዱ ሰፋ አንገቱ ጠበብ ባለ ከረጢት ውስጥ ነው። ዩትሪክል የሚሉት እሱ ነው። ኢሊዮካሪስ ይህ የለውም፣ አበባውም ወንዴና ሴቴ አንድ ላይ ነው። ካሬክስ ላይ ለየብቻ ናቸው።

አሁን አራት ነገር ንገሪኝ። ወንዴዎቹ ከላይ ናቸው ወይስ ከታች? ከከረጢቱ አፍ የሚወጣው ስቲግማ (የአበባ ዱቄት መቀበያው ክር) ሁለት ነው ሦስት? ውስጡ ያለው ፍሬ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ሦስት ማዕዘን? አራተኛው ሰው ሁሉ የሚረሳው ነው፦ ከረጢቱ ዙሪያውን ተዘግቷል ወይስ ከላይ በኩል ተሰንጥቆ ከውስጡ ቀጭን ዘንግ ብቅ ብሏል? ብቅ ካለ ድሮ ሾይኖክሲፊየም የሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል። እሱም አገራችን ውስጥ አለ። አሮጌው መለያ ለብቻው ጎራ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ግን ኮብሬሲያ የሚባለውን ሌላ ወገንም ጨምሮ ሁሉም ካሬክስ ውስጥ ተጠቃሏል። መጽሐፉ ላይ የምታገኚው ስምና ኢንተርኔት ላይ የምታይው ስም ባይገጥም አትደንግጪ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ! በቤተ ሙከራው ማይክሮስኮፕ አየሁት። ወንዴው ከላይ ነው፣ ከሥሩ ሴቴዎቹ። ከረጢቱ ድፍን ነው፣ የሚወጣ ዘንግ የለም። ስቲግማው ግን አብዛኛው ረግፏል፣ እሱን ልናገር አልደፍርም። ግርጌው ላይ የደረቀ ቅጠል ተደራርቦ ጉብታ ሠርቷል።

ሄርባሪየም ውስጥ የሠራሁ
ጎበዝ። ስቲግማው ከረገፈ ፍሬውን ቁረጪውና ቅርጹን እይ፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ሁለት፣ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ሦስት ነው ብዙውን ጊዜ። እስካሁን ባልሽው ግን መጀመሪያ የማስበው ካሬክስ ሞኖስታኪያን ነው። አንድ ራስ፣ ጉብታ፣ ረግረግ፣ ከፍታ። ኬንያ ተራራ ላይም ረግረጉን ሞልቶት ይገኛል። ስሙን ያወጣው ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ነው፣ ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው የአቢሲኒያ ዕፅዋት ሥራው። እነ ሺምፐር (ጀርመናዊው ዕፅዋት ለቃሚ) በዚያ ዘመን ከኛ ተራሮች የለቀሙት ናሙና አውሮፓ ተቀምጧል፣ ብዙው ፎቶ ተነሥቶ ኢንተርኔት ላይ አለ። ከሱ ጋር አስተያይው። እስከዚያው ማስታወሻሽ ላይ «ካሬክስ ሞኖስታኪያ ይመስላል» ብለሽ ጻፊ እንጂ ነው ብለሽ አትዝጊው።

አስጎብኚ፣ ደባርቅ
ያ ጉብታ ሲረግጡት የሚያንሸራትተው ነው? እሱማ ስንት ፈረንጅ ጥሎብኛል 😄

ጠያቂ
ራሱ ነው 😄 አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ናሙናውን አዲስ አበባ ልልከው ነው፣ ምን ላሟላ?

ሄርባሪየም ውስጥ የሠራሁ
ከነሥሩ ይሁን። ጫፉን ብቻ የቆረጠ ናሙና ለዚህ ቤተሰብ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ግርጌው ላይ ያለው ሽፋን ቀለሙም አሰነጣጠቁም መለያ ነው። ጋዜጣ መሐል አድርገሽ ክብደት ጫኝበት፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ፣ ረግረግ ላይ የበቀለ ተክል ቶሎ ይሻግታል። የረገፉ ፍሬዎችን አትጣይ፣ በትንሽ የወረቀት ፖስታ አድርገሽ አብረሽ አያይዢ። ወረቀቱ ላይ ቦታውን በጂፒኤስ፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ መሬቱ እርጥብ መሆኑን፣ ሰዎቹ የነገሩሽን ሁለቱንም ስም ጻፊ። አራት ኪሎ ብሔራዊ ሄርባሪየም ስትደርሺ ከቀድሞዎቹ ናሙናዎች ጎን አስቀምጠው ያዩልሻል። ሁለት ቅጂ ካለሽ አንዱን ጎንደር አስቀሪው።

የባዮሎጂ መምህር
የፈቃዱን ቁጥርም ጨምሪበት። ያለሱ አይቀበሉሽም ይሆናል።