ግብዓቱ በጅቡቲ በኩል ለሚገባ የጫማ ፋብሪካ «ልክ በሰዓቱ» የማምረት ዘዴ ያዋጣል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ መካከለኛ የቆዳ ጫማ ፋብሪካ የምርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። የካይዘን (ከጃፓን የመጣ፣ ሥራን ደረጃ በደረጃ ያለማቋረጥ የማሻሻል ዘዴ) ሥልጠና ወስደን አምስቱን «ማ»ዎች ማለትም ማጣራትን፣ ማስቀመጥን፣ ማጽዳትን፣ ማላመድንና ማዝለቅን ተግባራዊ ካደረግን ወዲህ ዕቃ በመፈለግ የሚባክነው ጊዜ በጉልህ ቀንሷል። አሁን ደግሞ አስተዳደሩ ወደ «ልክ በሰዓቱ» አመራረት፣ ማለትም የሚያስፈልገውን ብቻ በሚያስፈልግበት ጊዜና መጠን ወደ ማቅረብና ማምረት፣ እንድንሸጋገርና የመጋዘን ክምችታችንን በግማሽ እንድንቀንስ ጠይቆናል። ቆዳውን ከአገር ውስጥ እንገዛለን፤ ሶል፣ ዚፕና ማስቲሽ ግን የውጭ ምንዛሪ ከተጠየቀበት ቀን አንሥቶ ግቢያችን እስኪደርሱ ወራት ይወስዳሉ። በዚህ ሁኔታ ክምችት መቀነስ ሥራ ማስቆም አይሆንም ወይ? ልምድ ያላችሁ ከየት እንደምንጀምር ብትጠቁሙን።

1ኛ ምላሽ

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሥራው መጀመር ያለበት ግን ከመጋዘኑ አይመስለኝም። ይህን ዘዴ በቶዮታ ያዳበሩት ታይቺ ኦኖ ሰባት ዓይነት ብክነቶችን ለይተው ሲያስቀምጡ፣ ከሁሉ የከፋ ያሉት ከሚፈለገው በላይ ማምረትን ነው፤ ምክንያቱም ትርፍ ምርት ማስቀመጫ ቦታና ተሸካሚ ከመፈለጉም በላይ ስሕተትን ይሸፍናል። ስለዚህ በቅድሚያ በቆረጣና በስፌት ክፍሎች መካከል የተከመረውን ይቁጠሩ። የስፌት ክፍሉ በቀን 300 ጥንድ እየሠራ 1,200 ጥንድ የተቆረጠ ቆዳ ወረፋ ቢጠብቅ፣ ዛሬ የተቆረጠው መርፌ የሚያገኘው ከ4 ቀን በኋላ ነው። የመቁረጫው ቅርጽ ዛሬ ጠዋት ተጣሞ ከሆነ ሰፊዋ ጉድለቱን የምታየው ከ4 ቀን በኋላ ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ ስንት ጥንድ ቆዳ እንደሚበላሽ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

መፍትሔው ምንዛሪም ሆነ ሶፍትዌር አይጠይቅም። እያንዳንዳቸው 20 ጥንድ የሚይዙ 15 ሳጥኖች አዘጋጅተው ሞዴሉን፣ ቁጥሩንና ቀለሙን የያዘ ካርድ ይለጥፉባቸው፤ ስፌት ባዶ ሳጥን ካልመለሰ ቆራጭ ቢላዋ አያነሣም። ካንባን የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ መንገድ በመካከል ያለው ክምር ከአንድ ቀን ሥራ አይበልጥም፤ ሥራው ሲረጋጋ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ መቀነስ ይቻላል።

2ኛ ምላሽ

ከውጭ የሚገባውን በተመለከተ የቶዮታን የራሱን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 ለቶዮታ አንድ የፍሬን ክፍል ከሞላ ጎደል ብቻውን ያቀርብ የነበረው የአይሲን ፋብሪካ በእሳት ሲቃጠል፣ በእጅ ያለው ክምችት ከሰዓታት ስለማያልፍ የቶዮታ ፋብሪካዎች በጃፓን ለቀናት ቆመዋል። ያዳናቸው በአቅራቢያቸው የነበረው የአቅራቢዎች መረብ ነው፤ የስፌት መኪና አምራቹ ብራዘር ሳይቀር ያን ዕቃ ለመሥራት ተረባርቧል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መረብ ስለሌለ የሶልና የማስቲሽ መጠባበቂያ መያዝ ግዴታችን ነው። ቶዮታም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ አቅራቢዎቹ ከ2 እስከ 6 ወር የሚበቃ ክምችት እንዲይዙ አድርጓል። ስለዚህ «በግማሽ ይቀነስ» የሚለው ትእዛዝ በየዕቃው ዓይነት ሊታይ ይገባል፤ የአገር ውስጡን ቆዳ በየሳምንቱ እንዲያቀርቡላችሁ መደራደር ይቻላል፣ ማስቲሹ ግን የአገልግሎት ጊዜው እስከሚፈቅድ ድረስ ይከማች።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ቸግሮኛል፤ ቆራጮቻችን የሚከፈላቸው በጥንድ ነው። ባዶ ሳጥን ጠብቁ ብላቸው ገቢያቸው ይቀንሳል።

1ኛ ምላሽ ሰጪ

ዋናው እንቅፋት ይህ ነው፤ በሠራተኛው ኪሳራ የሚተገበር ለውጥም ፍትሐዊ ካለመሆኑ በላይ ዕድሜ የለውም። ሳጥኖቹ ከመግባታቸው በፊት ክፍያው ተጠናቆ በወጣ ጥንድ ልክ ለመላው መስመር በጋራ የሚሰላበትን መንገድ ከሠራተኞቹና ከማኅበራቸው ጋር ተነጋግረው ይስማሙ፤ የማንም ገቢ ከቀድሞው አማካይ በታች እንደማይወርድም በጽሑፍ ያረጋግጡላቸው። ቆራጩ ሳጥን በሚጠብቅበት ሰዓት ገበር ማዘጋጀት ወይም ጠርዝ ማሳሳት ቢለማመድ ስፌት ላይ ያለውን መጨናነቅ ያቃልላል። በአንድ ሞዴል መስመር ብቻ ሞክሩትና ውጤቱን እዚሁ ብትጽፉልን ሁላችንም እንማርበታለን።