አማቴ በእጃቸው የሰፉትን የአልጋ ዙሪያ ትራስ ላውጣው?

የበኩሬ እናት፦

ሰላም እናቶች፣ ሰላም አባቶች። ይህን የምጽፈው ሌሊት ነው፤ ልጄ አጠገቤ ተኝታለች።

ሦስት ወር ከግማሽ ሆኗታል። አልጋዋ የእንጨት ነው፣ ዙሪያውን ፍርግርግ ያለው። ልወልድ አካባቢ አማቴ ለአልጋው የዙሪያ ትራስ ሰፉልኝ። ሱቅ ውስጥ ባምፐር እየተባለ የሚሸጠው ዓይነት ማለት ነው። ቢጫ ጨርቅ ነው፣ ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ አለው፣ እንጨቶቹ ላይ በክር ይታሰራል። ክሮቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ 14 ናቸው። ጠርዙ ላይ ትንንሽ ወፎች ጠልፈውበታል። ዓይናቸው ደክሟል። አንዷን ወፍ ለመጨረስ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅባቸው ነበር። ሲሰፉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

ማክሰኞ ሌሊት ላጠባት ስነሳ ልጄ ተንፏቅቃ የአልጋው ጥግ ደርሳለች። ፊቷ ወደ ስፖንጁ ዞሯል፤ አፍንጫዋ ጨርቁ ላይ ተጣብቋል። ትተነፍሳለች፤ ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ሳነሳት ግንባሯ በላብ ርሷል። ደህና ናት፣ ወዲያው ጠባች፣ ተኛች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም። በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሳሁ እጄን ደረቷ ላይ አደርጋለሁ።

ባለቤቴ ደግሞ "ብናወጣው እንጨቱ ጭንቅላቷን ይመታታል" ይላል። እሱም ዝም ብሎ አይደለም። ትራሱን ሳናስረው በፊት አንድ ጊዜ ክንዷ በፍርግርጉ መሃል ገብቶ በጣም አልቅሳለች።

እና ምን ላድርግ? እውነት አደገኛ ነው ወይስ እኔ ነኝ የፈራሁት? በመረብ በተሠራው ብቀይረውስ? አማቴንስ ምን እላቸዋለሁ? እሳቸውን ማስቀየም በፍጹም አልፈልግም።

ሲስተር፦

እህቴ፣ ዛሬውኑ አውጪው። የቀረውን በኋላ ታነቢዋለሽ።

22 ዓመት ከጨቅላ ሕፃናት ጋር ሠርቻለሁ። ያየሽው ነገር ፍርሃት የፈጠረው አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊቱን ወደ አንድ ነገር ማዞር ይችላል፤ መልሶ ማላቀቅ ግን ሁልጊዜ አይሆንለትም። አንገቱ ገና አልጠናም። አፍንጫው ለስላሳ ነገር ላይ ከተደገፈ አየር ሊዘጋበት ይችላል። ባይዘጋበት እንኳ የተነፈሰው አየር ስፖንጁ አካባቢ ተጠራቅሞ ይቀራል፤ ያንኑ መልሶ ይስባል። ኦክስጅኑ እያነሰ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየበዛ ይሄዳል። አንቺና እኔ እንዲህ ቢሆንብን ባንነን እንገላበጣለን። ትንሽ ልጅ ላይባንን ይችላል። አያለቅስም፣ አይንፈራገጥም፤ ዝም ነው የሚለው። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ዝምታ ነው።

ባለቤትሽ የሚፈራው ነገር አለ፤ ግን ሁለቱ አደጋዎች እኩል አይደሉም። የሦስት ወር ልጅ ጭንቅላቷን እንጨት ላይ ብትመታ ጉልበቷ ትንሽ ነው። ቢበዛ ቀላ ይላል። ክንዷ ቢገባም ታለቅሳለች፣ ትደርሺላታለሽ።

እንዲሁ የእኔ አስተያየት ብቻ እንዳይመስልሽ። በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ1985 እስከ 2005 ድረስ በእነዚህ ትራሶች ሰበብ የሞቱ 27 ሕፃናትን መዝግቧል። አንዳንዶቹ ፊታቸው ትራሱ ላይ ተደፍቶ፣ አንዳንዶቹ በትራሱና በፍራሹ መሃል ተጣብቀው፣ ክሩ አንገታቸው ላይ የተጠመጠመባቸውም ነበሩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2011 "ጨርሶ አትጠቀሙ" አለ። በ2022 ደግሞ እዚያው አገር ስፖንጅ ወይም ጥጥ የተሞላውን መሸጥ በሕግ ተከለከለ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አልጋዋ ላይ ሌላ ምን አለ?

የሁለት ልጆች አባት፦

እኔ ለሁለቱም ልጆቼ ተጠቅሜያለሁ። ምንም አልሆኑም፤ አሁን ትልቁ ትምህርት ቤት ገብቷል። እናቱ በጥንቃቄ ስለምታስረው ይመስለኛል። ጠበቅ አድርጎ ማሰር አይበቃም? እውነቴን ነው የምጠይቀው፤ ሦስተኛ ልጅ እየመጣ ነው።

ሲስተር፦

ወንድሜ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። መጠየቅህም ጥሩ ነው። ማጥበቅ ክሩን ከአንገት ያርቃል እንበል፤ ስፖንጁን ግን ከአፍንጫ አያርቀውም። የዚች ልጅ ትራስ በ14 ክር ታስሮ ነው ይሄ የሆነው። ብዙ ልጅ ምንም ሳይሆን ያድጋል፣ እውነት ነው። የትኛው ልጅ፣ በየትኛው ሌሊት ፊቱን እንደሚያዞር ግን አስቀድመን አናውቅም። ለሦስተኛው አትሰሩለት።

የመረቡን ነገር ለጠየቅሽኝ። ስስ፣ ምንም ያልተሞላ መረብ የ2022ቱ ሕግ ውስጥ አልገባም፤ አየርም ያሳልፋል። ሐኪሞቹ ግን እሱንም አይመክሩም። መረብም ሊላላ ይችላል፣ ሲላላ ልጅ ይያዝበታል። አንቺ ከነጭራሹ ባታስገቢው እመርጣለሁ።

የበኩሬ እናት፦

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አወጣሁት። ለ14ቱም ክር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አልጋው ላይ ያለውን ልንገርዎት። ስስ ብርድ ልብስ አለ። መሃሉ ጎድጎድ ያለ ትንሽ ትራስም አለ፤ ጭንቅላቷ ከኋላ ጠፍጠፍ እንዳይል ብለው ሰጥተውን ነው። እግሯ ጋ የጨርቅ ጥንቸል አለች። በጀርባዋ ነው የማስተኛት።

ሲስተር፦

በጀርባዋ ማስተኛትሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ አትነቃነቂ። በ1990ዎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን በጀርባ እንዲያስተኙ ከተመከረ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የድንገተኛ የሕፃናት ሞት ከግማሽ በላይ ነው የቀነሰው። ይህ ሞት በብዛት የሚታየው ደግሞ ልክ በልጅሽ ዕድሜ፣ ከአንድ እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ነው።

ሌላውን ሁሉ አንሺው። ጎድጓዳውን ትራስ በተለይ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 እነዚህን የጭንቅላት ቅርጽ ያስተካክላሉ የሚባሉ ትራሶች አትጠቀሙ ብሎ አስጠንቅቋል፤ ሊያፍኑ ይችላሉ። ጠፍጠፍ ማለቱ አብዛኛውን ጊዜ እያደገች ስትሄድ ይስተካከላል። ቀን፣ ነቅታ እያለች፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለሽ በሆዷ አስተኚያት። አንገቷንም ያጠናዋል። ጥንቸሏ ዓመት እስኪሞላት ትጠብቃት።

ብርድ ከሆነ ያስጨነቀሽ እጅና አንገቱ በልኳ የሆነ የመኝታ ከረጢት አልብሻት። ክብደት የተጨመረበት ግን አይሁን። አልጋው ላይ ጠንካራ ፍራሽና የተወጠረ አንሶላ ብቻ ይቅር። ባዶ ሲሆን ለዓይን ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እኔም የመጀመሪያ ልጄን እንዲያ ሳስተኛት ያራቆትኳት መስሎኝ ነበር።

አናጢው፦

የሕፃን አልጋ ስሠራ ዘመኔን ጨርሻለሁ፤ ስለ እንጨቱ እኔ ልናገር።

ይህ ትራስ የተለመደው ድሮ የአልጋ እንጨቶች ተራርቀው ይሠሩ ስለነበር ነው። የልጅ ገላ ያልፍና ጭንቅላቱ ይያዝ ነበር። ትራሱ ያንን ክፍተት መሸፈኛ ነው። አሜሪካኖቹ በ1973 ክፍተቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ደነገጉ። በሥርዓት በተሠራ አልጋ ትራሱ መጀመሪያ የመጣበት ምክንያት የለም ማለት ነው።

የእኔ እህት፣ ሜትር ይዘሽ ለኪው። ሜትር ከሌለሽ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ በእንጨቶቹ መሃል ለማሳለፍ ሞክሪ። ካለፈ ሰፊ ነው። ያኔ እንጨት የሚጨምርልሽ ሰው ፈልጊ እንጂ በጨርቅ አትሸፍኚው። ፍራሹንም እዪው። በፍራሹና በአልጋው መሃል ሁለት ጣት ከገባ ፍራሹ ትንሽ ነው። ክፍተቱን በጨርቅ የሚሞሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ እሱም አይሆንም፣ ልኩን ፍራሽ ነው መግዛት።

የመንታ እናት፦

ስለ አማትሽ ልበልሽ፤ የሌላውን ሲስተር ጨርሰውታል።

እኔ ስፈራ ስቸር የእናቴን ትራስ ስምንት ወር አቆየሁት። ማንንም አላፈነም። ግን አንደኛው ልጄ መቆም ሲጀምር ትራሱን ረገጠና በአልጋው አናት ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። አንድ እግሩ ወጥቷል። ትንሽ ብዘገይ በጭንቅላቱ ነበር የሚወርደው። ለእናቴ ስነግራት "ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" ብላ ነው ያለቀሰችው። ስጦታዋን ስላወጣሁ አልነበረም ለቅሶዋ። ስለዚህ እንዳትደብቂያቸው። ማክሰኞ ያየሽውን እንዳለ ንገሪያቸው። የሐኪም ጥቅስ አታብዢባቸው። ግንባሯ በላብ ርሶ እንደነበር ንገሪያቸው፤ ይበቃል።

የበኩሬ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቷ ጣሳውን ይዞ ሞከረው፣ አላለፈም። ሜትር ስናደርግ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ፍራሹም ልክ ነው፤ አንድ ጣት እንኳ በግድ ነው የሚገባው።

አማቴ ትናንት መጡ። ባዶውን አልጋ አይተው ዝም አሉ። የመንታ እናት እንዳለችው አደረግሁ። ማክሰኞ ሌሊት አፍንጫዋ የት እንደነበር በእጄ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ "መቀስ አምጪልኝ" አሉ። ክሮቹን አንድ በአንድ ቆረጧቸው። ስፖንጁን አወጡና ጨርቁን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ወፎቹ ያሉበትን ሲደርስላት ቀሚስ ያደርጉላታል። ስወጣ ስገባ እየሰረቅሁ አያቸው ነበር፤ የተከፉ አይመስሉም። ሲሄዱ ልጅቷን ግንባሯ ላይ ሳሟት።

ዛሬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭንቅላቷን እንጨቱ ላይ መታችና አለቀሰች። ተነስቼ መሃል ላይ መለስኳት። እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተኛች፤ እኔም እስኪነጋ ተኛሁ።