ብሽሽቴ ላይ ያለው እብጠት ስጋደም ይገባል፣ ስቆም ይወጣል፤ ኦፕሬሽን ግድ ነው?

ብሎኬቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ እሠራለሁ። ዕድሜዬ 34። ከፋሲካ ወዲህ በቀኝ ብሽሽቴ በኩል እንቁላል የምታክል እብጠት ወጥታብኛለች። ጠዋት ስነሳ የለችም። 50 ኪሎ ሲሚንቶ ስሸከም ስውል ወይም ሳስል ብቅ ትላለች፣ ማታ ጋደም ስል ተመልሳ ትገባለች። ሕመም ብዙም የላትም፤ ከሰዓት በኋላ ላይ ከበድ ይለኛል፣ ወደ ታች የሚጎትተኝ ነገር አለ።

የሰፈር ሰው አንዱ ወጌሻ ጋ ሂድና አሽተው ያስገቡልህ ይላል። ሌላው ቀበቶ ግዛ ይላል። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ደግሞ ኦፕሬሽን ከሆንክ ልጅ አትወልድም ብሎ አስደንግጦኛል። ገና ልጅ የለንም፣ ሚስቴም ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ጤና ጣቢያ አልሄድኩም፣ ምክንያቱም እኛ ጋ አንድ ቀን መቅረት የዚያን ቀን ሂሳብ መቅረት ነው። በመድኃኒት አይጠፋም? ምን ዓይነት ምርመራስ ነው የሚያዙት? የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

ሲስተር ከሰበታ፦
ወንድሜ፣ ሳላይህ ነው የማወራው፣ ግን እንዳልከው ከሆነ የብሽሽት ሄርኒያ ይመስላል። ቀዶ ጥገና ክፍል ስለምሠራ በየሳምንቱ የማየው ነው። የሆድ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ሲሳሳ ውስጥ ያለው ሞራ ወይም አንጀት በዚያ በኩል ይገፋል፣ ልክ የመኪና ጎማ ጎኑ ሲሳሳ እንደሚያብጠው። ወንዶች ላይ ብሽሽት ዋናው ደካማ ቦታ ነው፣ ምክንያቱም ፅንስ ሆነን የዘር ፍሬ ከሆድ ወደ ታች የሚወርደው በዚያ መንገድ ነው። አንዳንዱ ሰው ያ መንገድ ሳይዘጋ ይወለድና በ30 ዓመቱ ሸክም ሲበዛበት ይወጣበታል፣ ሌላው ደግሞ ዕድሜ ሲገፋና ጡንቻው ሲደክም ከፊት በኩል ይከፈትበታል። ሸክም፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት ማማጥ፣ እነዚህ ሁሉ ያባብሱታል።

ምርመራው አያስፈራም። ያቆሙህና ሳል ይሉሃል፣ ሐኪሙ እጁን ብሽሽትህ ላይ አድርጎ ሲገፋ ይሰማዋል፣ ከዚያ አስተኝተው ተመልሶ መግባቱን ያያሉ። አለቀ። እኛ ሀገር ሰው አልትራሳውንድ ካልታዘዘለት የተመረመረ አይመስለውም፣ ግን አልትራሳውንድ የሚያስፈልገው ሕመሙ ኖሮ እብጠቱ በእጅ ካልተገኘ ወይም ሌላ ነገር ከተጠረጠረ ነው። የዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ ውኃ ሲቋጥርም ያብጣል፣ እሱን ባትሪ ከኋላ ሲያበሩበት ብርሃን ያሳልፋል። የብሽሽት ንፍፊት ደግሞ ስትጋደም አይጠፋም።

መድኃኒት የለውም። ኪኒንም ቅባትም ቀዳዳ አይዘጋም። ቀበቶው ለጊዜው ደግፎ ይይዘዋል እንጂ አያድንም። ወጌሻውን ግን እርሳው! ስብራትና ወለምታ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ውስጥ ያለው አንጀት ሊሆን ይችላል፣ በኃይል ሲታሽ ይጎዳል።

ልጅ አለመውለድን በተመለከተ፣ የዘር ቱቦው በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ ሰርጂኑ ለይቶ ጠብቆት ነው የሚሠራው። ጉዳት ፈጽሞ አይደርስም አልልህም፣ ግን በጣም ጥቂት ነው፣ ተሠርተው የወለዱት ደግሞ ስፍር ቁጥር የላቸውም። ለሚስትህ ይህን ንገራት።

ሹፌር ነኝ ከቡራዩ፦
ሲስተር ጥሩ ብላለች ግን ሰውየውን አታስቸኩሉት። እኔ ሲኖትራክ እየነዳሁ ለዓመታት አብሬው ኖሬአለሁ። ሐኪሙ ራሱ ካላስቸገረህ እየተከታተልከው ቆይ ነው ያለኝ። ሰው ዝም ብሎ ለምን ሆዱን ይከፈታል?

ሲስተር ከሰበታ፦
ሐኪምህ አልተሳሳተም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር፣ ሕመም የሌላቸውን ወይም ጥቂት ብቻ ያላቸውን ወንዶች ገሚሱን ወዲያው ሠሯቸው፣ ገሚሱን በክትትል አቆዩ። ሲጠብቁ ድንገት የታነቀባቸው፣ ማለትም እብጠቱ ቀዳዳው ላይ ተይዞ አልገባ ያላቸው፣ በጣም ጥቂት ናቸው፣ ከ1000 ሰው በዓመት 2 እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ መጠበቅ ይቻላል። ግን እነዚያው ሰዎች በኋላ ሲታዩ በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 68 ከመቶ የሚሆኑት ተመልሰው ተሠርተዋል፣ አብዛኛው ሕመሙ ስለጨመረ። አንተ መሪ ይዘህ ተቀምጠህ ነው የምትውለው፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያነሳ ነው የሚውለው። አሁኑኑም እየጎተተው ነው። ደግሞ ይህ መጠበቅ የሚባለው ነገር ለሴትና ለሕፃን አይሠራም።

የኮዬ እናት፦
ይህን የመጨረሻውን በደንብ ያዙት። አማቴ ሱሉልታ ናቸው፣ ብሽሽታቸው ሥር ከጭናቸው በላይ ትንሽዬ ነገር ነበረቻቸው፣ አፍረው ለማንም ሳይናገሩ ቆዩ። አንድ ሌሊት ሆዴን ብለው ጮኹ። አረንጓዴ ትውከት፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ፈስ እንኳ እምቢ ብሏቸው። እብጠቷ እንደ ድንጋይ ጠጥራ ላይዋ ቀልቷል። ሲከፈቱ የአንጀታቸው አንዱ ክፍል ጠቁሮ ነበርና ቆርጠው ነው የቀጠሉላቸው። ተመስገን አሁን ደህና ናቸው።

የኔ ጥያቄ ደግሞ ስለ ልጄ ነው። 8 ወሩ ነው፣ ሲያለቅስ እምብርቱ ይነፋል። ጎረቤቶቼ ሳንቲም በጨርቅ ጠቅልለሽ እሰሪበት አሉኝ። ልሰር?

ሲስተር ከሰበታ፦
እህቴ፣ አማትሽን እግዜር አትርፏቸዋል። የእሳቸው የጭን ሄርኒያ የሚባለው ይመስለኛል፣ ከወንድ ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ያንቃል። ለዚህ ነው ሴት ላይ የብሽሽት እብጠት ሲገኝ ቶሎ ይሠራ የሚባለው።

ሳንቲሙን አትሰሪ። ቆዳውን ያቆስላል እንጂ አይዘጋውም። የሕፃን እምብርት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይዘጋል፣ እስከ 4 እና 5 ዓመት ይጠበቃል። ከጠጠረ፣ አልገባ ካለ፣ ልጁም ካስመለሰው ግን ያኔውኑ ሐኪም ቤት። የሕፃን ብሽሽት ላይ ከወጣ ግን ራሱ አይዘጋም፣ ይሠራል፣ ልጁ ባነሰ ቁጥር የመታነቅ ዕድሉ ስለሚበዛ አይቆይም።

ብሎኬቱ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሚስቴ አብራኝ አንብባለች። አሁን የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አንድ፣ መረብ ያስገባሉ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ፕላስቲክ ሆዴ ውስጥ ዕድሜ ልክ ሊኖር ነው? ሁለት፣ ስንት ጊዜ ከሥራ ያስቀረኛል? ብሩ እንዴት እንደሚሆንም እንጃ። የጤና መድህን ደብተር አለን።

ሲስተር ከሰበታ፦
አዎ ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ ችግርም የለውም። ድሮ ጡንቻውን ጎትቶ ከጡንቻ ጋር መስፋት ነበር፣ ያ ሲወጠር ያማል፣ ተመልሶ የመከፈት ዕድሉም ይበልጣል። መረቡ ሳይወጠር ቦታውን ይሸፍነዋል፣ ሥጋህ በውስጡ ይበቅልበታል። አንድ የምወደው ነገር ልንገርህ፦ ኡጋንዳ ውስጥ ከ300 በላይ ወንዶች ላይ ውዱን መረብና ከአጎበር ጨርቅ የተዘጋጀውን ርካሽ መረብ አወዳድረው ነበር፣ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከዓመት በኋላ ሲታዩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። መድኃኒት የተነከረውን የቤትህን አጎበር ይዘህ እንዳትመጣ ብቻ፣ የጥናቱ ግን ተቆርጦ ከጀርም የጸዳ ነው!

ብዙ ጊዜ የሚሠራው በወገብ ማደንዘዣ ወይም ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ነው። ብዙው ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራም አለ፣ ግን በሁሉም ቦታ አይገኝም፣ በተለመደው መንገድ ተሠርተህም ትድናለህ። በነጋታው መራመድ ትችላለህ። ሲሚንቶ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት አታነሳም፣ በዚህ ድርድር የለም። አለቃህን ለዚያ ጊዜ ቆጠራ ወይም ውኃ ማጠጣት ላይ እንዲያደርግህ ከአሁኑ አናግረው። ደግሞ ሳልደብቅህ፣ ጥቂት ሰዎች ላይ ቦታው ለወራት ማመሙ ወይም መደንዘዙ አለ፣ ሰርጂኑን ይህን ጠይቀው።

በመድህኑ የምትታከም ከሆነ ከጤና ጣቢያ ጀምር። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄድ ወጪው ወደ አንተ ሊዞር ይችላል። ለእናንተ ከሚቀርቡት ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፣ የት እንደሚልኩህ ግን እነሱ ናቸው የሚወስኑት። እስከዚያ ድረስ ከጠጠረች፣ አልገባ ካለች፣ ካስመለሰህ፣ ሰገራና ፈስ ከቆመ ሪፈር ምናምን ሳትል በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ በጉልበት ልታስገባትም አትሞክር።

ሹፌር ነኝ ከቡራዩ፦
እንግዲህ እኔም ሳል ሲይዘኝ ማመም ጀምሯል መሰለኝ። ሲስተር፣ ጠዋት ጠዋት ስለማትወጣ ሐኪሙ ምንም የለህም ብሎ ቢመልሰኝስ?

ሲስተር ከሰበታ፦
ስትወጣ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ሁለታችሁም። ሐኪሙም ተኝታችሁ ብቻ ካያችሁ ቆሜ እየኝ በሉት።