የእናቴን ደጃፍ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንዴት ላውጣው?

የግቢው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አርክቴክት ነኝ። ያደግኩት ካዛንቺስ፣ ቀበሌ ቤት ነው። ቤታችን አሁን ፈርሷል። ከመፍረሱ በፊት ግን በሜትር ለክቼ ስዬዋለሁ።

ከሁሉም አልረሳ ያለኝ ደጃፉ ነው። አባቴ ሁለት አጠና ተክሎ የጣሪያውን ቆርቆሮ 1.20 ሜትር ወደ ውጭ አስረዘመው። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እናቴ እዚያ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ቡና ትቆላለች፣ ክረምት ሲሆን ልብስ ታሰጣለች። ጎረቤት ድንጋዩ ላይ አረፍ ይላል፤ «ቤት ግቡ» እስኪባል አይጠብቅም። የአራት ቤት ደጃፍ ፊት ለፊት ስለሆነ ሕፃን ሲያለቅስ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

አሁን ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ እየነደፍኩ ነው። ኮሪደሩ ጠባብና ጨለማ ነው፤ በር ከተዘጋ ጉርብትና የለም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ግንባታ የምታውቁ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጀሞዋ፦
ወንድሜ፣ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ እኮ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት ግቢ ውስጥ ታስቦ ነበር። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን ሊጥ ተሸክሞ በየጊዜው አራት ፎቅ መውረድ አይገፋም። እኔ ከሰል የማያይዘው ደረጃው ማረፊያ ላይ ነው፤ ጭሱ እስከ ላይ ይሄዳል፣ ጎረቤቶቼን አፍራቸዋለሁ። በረንዳዬንም በላሜራና በመስታወት ዘግቼ ወጥ ቤት አደረግኩት። የተዘጉትን በረንዳዎች እየዞርክ እያቸው። ውስጣቸው ምድጃ ነው ወይስ አልጋ? ንድፍህ የጎደለው እሱ ነው።

አናጺው፦
ልጄ፣ ቆጡን እንዳትረሳ። ለስንት ቀበሌ ቤት ሠርቻለሁ! በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ኪራዩ ርካሽ ሆነ፤ ወደ ጎን ማስፋት ግን አይቻልም። ልጅ ሲበዛ ሰው ወደ ላይ ሄደ። አጠና፣ ጣውላ፣ መሰላል፣ በቃ። ከሥር ቆሞ ለመሄድ 2 ሜትር፣ ከላይ ለመኝታ ሜትር ተኩል ይበቃል። የጋራውን ሽንት ቤትና የግድግዳውን እርጥበት ግን አደራ፣ አታምጣብን። እዚያ ውስጥ ልጆች አሳድጌያለሁ።

የግቢው ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጣሪያ ከፍ ሲል ዋጋ ይጨምራል፤ አለቃዬም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ግን ቺሊ ውስጥ፣ ኢኪኬ ከተማ ላይ፣ አርክቴክቱ አሌሃንድሮ አራቬና ለ93 ቤተሰቦች የቤቱን ግማሽ ብቻ ሠርቶ ሌላውን ነዋሪው እንዲሞላው ተወለት። እኔም ከፍታውን ልስጥ፣ ቆጡን ቤተሰቡ ይሥራው።

ኮሪደሩን ዛሬ ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ጭሱ ይወጣል። በየበሩ 1.20 ሜትር ገባ ያለ ቦታና መቀመጫ አለ። የእናቴ ድንጋይ ቁመቱ 38 ሳንቲም ነበር። ይሆናል ይላሉ?

አናጺው፦
ለእንግዳ ደህና ነው። ቡና የምታፈላዋ ግን በርጩማ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ እሱ 25 ቢሆን ነው። ረከቦቱ የሚያርፍበትንም ቦታ ተውላት።